ወንዱ እንደ ሴት፣ ሴቷ እንደ ወንድ አንድ ቀን ቢውሉ፦ የወሎን ቀን ሰዓት በሰዓት እንጻፈው

የጦሳ ግርጌ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለ9ኛ እና ለ10ኛ ክፍል የሥርዓተ ጾታ ክበብ አንድ የጽሑፍ ልምምድ ተዘጋጅቷል። ወንዱ ተማሪ ሴት ሆኖ፣ ሴቷ ተማሪ ወንድ ሆና ከእንቅልፍ እስከ እንቅልፍ ያለውን አንድ ቀን ይጽፋሉ። ችግሩ የሚመጣው ጽሑፍ ከልብስና ከጸጉር አያልፍም። ወንዶቹ ቀሚስ፣ ሹሩባና ኩል ጽፈው ምሳ ሰዓት ላይ ይደርሳሉ፤ ምሳው ከየት እንደመጣ ግን አንዱም አልጻፈም። ሴቶቹ ደግሞ «ማታ እንደ ልቤ እወጣለሁ» ብለው ይዘጉታል። ያ ሰው ቀን ምን ሲሠራ እንደዋለ የለም።

ስለዚህ እርዳታችሁን እፈልጋለሁ። ቤቱ ደቡብ ወሎ ገጠር፣ 6 ሰው ያለበት ነው እንበል። በየትኛው ሰዓት ምን ይሠራል፣ በምን ዕቃ፣ ስንት፣ የቱ ላይ ይበላሻል፣ ለምን? የራሳችንን ታሪክ እንተወውና የሥራውን አካሄድ እንጻፍላቸው።

ቡሃቃ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡25)

መምህር፣ የልጆቹ የመጀመሪያ ስህተት ቀኑ ጠዋት ይጀምራል ማለታቸው ነው። የእንጀራ ቀን የሚጀምረው ከ3 ቀን በፊት ነው።

ለ6 ሰው በ3 ቀን አንዴ ይጋገራል እንበል። ከ1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት በመጠኑ 5 ወይም 6 እንጀራ ይወጣል። 5 ኪሎ ቢቦካ ወደ 28 ማለት ነው፤ ለሰው በቀን አንድ ተኩል። ዱቄቱ ይነፋል፣ ቡሃቃ ውስጥ ለብ ባለ ውሃና ካለፈው ቡኮ በተቀመጠ እርሾ ይቦካል፣ ጓጓላው እስኪጠፋ በእጅ ይታሻል። ኮምቦልቻ በ2 ቀን የሚደርስ ቡኮ ኩታበር ብርድ ላይ 3 ቀን፣ ክረምት ከሆነ 4 ቀን ይፈልጋል። ይህን ያልቆጠረች ሴት ለእሁድ እንግዳ ቅዳሜ አቡክታ ታፍራለች።

በመጋገሪያው ቀን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ቡኮው አናት ላይ የጠለለው ውሃ ይቀዳል። ከዚያ አብሲት ይጣላል። ከቡኮው ከ10 አንድ እጅ ያህል ተወስዶ በፈላ ውሃ ውስጥ እየተማሰለ ይበስላል፣ ቀጭን ገንፎ ሲመስል ይወርዳል፣ ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ወደ ቡኮው ይመለሳል። የበሰለው ሊጥ ሌላውን ያያይዘዋል፣ እርሾውም ይቀሰቀስበታል። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። አብሲቱን በትኩሱ ከመለሰው እርሾው ይሞትና እንጀራው ዓይን አያወጣም። ካነሰ ይሰነጣጠቃል። ሊጡ ኩፍ እስኪል ሳይጠብቅ ምጣድ ላይ ካፈሰሰውም ወፍራምና ከባድ ይሆናል።

ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሰሳል። ሊጡ ከዳር ተጀምሮ እየተዞረ ወደ መሃል ይፈሳል። ዓይኑ ሲፈጠር አክንባሎ ይከደናል፤ ዓይን ሳያወጣ የተከደነ እንጀራ ይታፈናል። ጠርዙ ከምጣዱ ሲላቀቅ በሰፌድ ይነሳል። ምጣዱ ካልጋለ ይጣበቃል፣ ከመጠን በላይ ከጋለ ታቹ ያራል ላዩ ጥሬ ነው። ለዚህ ነው ኩበት የሚወደደው፤ እሳቱ ረጋ ብሎ ይቆያል፣ ጭራሮ ግን ቦግ ብሎ ይጠፋል። የመጀመሪያው እንጀራ ማሟሻ ስለሆነ ማንም ከማዕድ አይቆጥረውም።

አንዱ እንጀራ ማሰሻውን ጨምሮ 3 ደቂቃ ቢወስድ 28ቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። በዚያ ሰዓት ውስጥ የወጡ ድስት ተጥዷል፣ ትንሹ ልጅ ነቅቷል፣ ዓይን በጭስ ያለቅሳል። ለወንዱ ተማሪ የሚሰጠው ጥያቄ «እንጀራ እንዴት ይጋገራል» መሆን የለበትም። ሊጡ ምጣድ ላይ ፈስሶ ሳለ ልጁ ወደ እሳቱ ቢዳህ የትኛው ይቀድማል፣ የተቃጠለው እንጀራስ ከማን ድርሻ ይቀነሳል? ይህን ይመልስ።

ምንጭ ዳር (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50)

ቡሃቃ ውሃውን ዘለልከው። 5 ኪሎ ዱቄት ያለ ውሃ አይቦካም።

የጀሪካን ሂሳብ ቀላል ነው። 20 ሊትር ማለት 20 ኪሎ ነው፤ ባለ 25ቱም አለ። 6 ሰው ባለበት ቤት በቀን 3 ባለ 20 ጀሪካን ቢመጣ ለሰው 10 ሊትር ይደርሳል፤ ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለእጅ፣ ለዕቃ፣ ለሁሉም። የሴት አሸካከም በጀርባ ነው፤ ገመዱ በደረት በኩል ይታሰራል፣ ወገብ ጎንበስ ይላል። ወንድ ሲሸከም በትከሻው ነው ወይም አህያ ይጭናል። ተማሪው ይህን ልዩነት ይጻፈው፤ ጎንበስ ያለ ሰው መንገዱን እንጂ አገሩን አያይም።

የሚበላሸው ክዳኑ ላይ ነው። ክዳኑ ከጠፋ አፉ በላስቲክ ወይም በቅጠል ይወተፋል፣ ዳገት ላይ ይንጠባጠብና ጀርባን ያረጥባል። ለመቅዳት ሌሊት የሚኬደው ለወረፋ ነው፤ አርፍዶ የሄደ ቤቱም ያረፍዳል። መቀነት ደግሞ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ለሸክም ወገብን አጥብቆ ይይዛል፣ ጫፉ ላይ ብር ይቋጠርበታል። ቀሚስ ኪስ ስለሌለው ቦርሳው እሱ ነው።

ሞፈር (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15)

እንግዲህ ወደ እርሻው። ሴቷ ተማሪ «ወንድ ሆኜ ሳርስ ዋልኩ» ብላ በአንድ መስመር እንዳታልፈው ዕቃውን ልዘርዝርላት።

ሞፈር ረጅሙ እንጨት ነው፣ ከበሬዎቹ መሃል ገብቶ ቀንበሩ ላይ በምራን ይታሰራል። እርፍ የሚያዘው እጀታ ነው። ማረሻ ብረቱ ነው። ድግር በማረሻው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት እንጨቶች ናቸው፣ አፈሩን ወደ ጎን ይገፉታል። ወገል እነዚህን ጠርንፎ የሚይዝ ብረት ነው። ማነቆ ቀንበሩን ከበሬው አንገት ጋር ይይዛል። ቀንበሩን ጨምሮ ሁሉም ከ17 እስከ 26 ኪሎ ይመዝናል፤ አራሹ ትከሻው ላይ አድርጎ በሬዎቹን እየነዳ ይወጣል። ምንጭ ዳር ከጻፈው ጀሪካን ጋር አስተያዩት፣ የሚበልጥበት እምብዛም ነው።

በሬዎቹ ገና ሳይነጋ መኖ ይሰጣቸዋል። ጸሐይ ሳትበረታ፣ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ይጠመዳሉ። አንድ እጅ እርፍ ይይዛል፣ በሌላው ጅራፍ። እርፉን መጫን ብቻውን ጥልቀት አይሰጥም፤ ጥልቀቱ የሚመጣው እርፉን በማዘንበል ነው። ጀማሪ ወይ አፈሩን ላዩን ይጭረዋል፣ ወይ ማረሻውን ቀብሮ በሬዎቹን ያቆማል፤ ድንጋይ ስር ከገባ ደግሞ ድግር ይሰበራል። ምራኑ ከላላ ሞፈሩ ይዋልላል፣ ትልሙ ይጣመማል።

የመጀመሪያው እርሻ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይገባል፣ በኋላ እየጠለቀ ይሄዳል። ማረሻችን አፈር ስለማይገለብጥ በትልሞቹ መሃል ያልታረሰ ይቀራል፤ ስለዚህ ሁለተኛው እርሻ የመጀመሪያውን አቋርጦ ይሄዳል። ወሎ ዳገት ላይ ይህ ፈተና ነው። አንዱ እርሻ አግድም ከሆነ ሌላው ሽቅብ ቁልቁል ይሆናል፣ ሽቅብ ቁልቁል የሄደ ትልም በመጀመሪያው ዶፍ ጎርፍ ይስብበታል። እርከን የሚሠራው ለዚህ ነው። ጤፍ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይታረስለታል።

አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው ራሱ ጥማድ ይባላል፤ 4 ጥማድ ወደ 1 ሄክታር ነው። የጤፍ ዘር በሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ቢሆን ለአንድ ጥማድ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ይደርሰዋል። ቡሃቃ ለ3 ቀን ያቦካው 5 ኪሎ የአንድ ጥማድ ዘር ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ልጆቹ ይህን ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ይጻፉት።

ቆቦ ሜዳ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡05)

ሞፈር ወንድሜ፣ ሸጋ አድርገህ ጻፍከው። ግን ሁላችሁም ደጋውንና ወይና ደጋውን ብቻ ነው የምታዩት። ቆላው ማሽላ ነው። የማሽላ እንጀራ ትኩሱን ይጣፍጣል፣ በማግስቱ ግን ይደርቅና ይፈረፈራል። ስለዚህ የቡሃቃ «በ3 ቀን አንዴ» እዚህ አይሠራም፤ ወይ ጤፍ ይቀላቀልበታል ወይ ቶሎ ቶሎ ይጋገራል። የሴቷ ቀን በእህሉ ዓይነት ይለወጣል።

የወንዱም እንደዚያው። ማሽላ ፍሬ ሲይዝ ማማ ይሠራል። አራት ቋሚ እንጨት፣ ላዩ ርብራብ፣ ሳር የለበሰ ጣሪያ። ቀን ወፍ በወንጭፍ ይባረራል፣ ሌሊት አሳማና ጃርት ይጠበቃል። እንቅልፍ የጣለው ጠባቂ በአንድ ሌሊት የወራት ልፋት ያስበላል። «ወንድ ሆኜ ማታ እወጣለሁ» ያለችው ተማሪ ያንን ማታ ማማ ላይ ታሳልፈው፤ ጋቢ፣ ወንጭፍና ድንጋይ ይዛ።

ለጋምቦ ደጋ (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡30)

ሁሉንም አነበብኩት፣ ሥራውን የምታውቁ ሰዎች ናችሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ልናገር፣ መምህርም ቅር አይበላቸው። አባቶቻችን ሥራውን የከፈሉት በዘፈቀደ አይደለም። እሱ ከውጭ ያመጣል፣ እሷ ከውስጥ ታበጃለች፣ ቤት ይቆማል። ልጆቹን ተቀያየሩ ማለት ያንን መናቅ እንዳይሆን እፈራለሁ።

እንዝርት (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10፡15)

ለጋምቦ ደጋ፣ አያ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል። እስቲ የለበሱትን ጋቢ ይዩት። ጥጡ ይዳመጣል፣ ፍሬው ይወጣል። በደጋን ይነደፋል፣ እስኪላላ። ከዚያ እንዝርት ላይ ይፈተላል። ይህ ሁሉ የሴት እጅ ነው። ሸማኔው ወንድ ነው፣ ድርና ማግ አድርጎ ይሠራዋል። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፣ ጋቢ አራት ድርብ፤ ስለዚህ ጋቢ የነጠላውን እጥፍ ፈትል ይበላል። ፈታይዋ አንዱ ቦታ ወፍራም አንዱ ቦታ ቀጭን ካደረገችው ክሩ ሸማኔው እጅ ላይ እየተበጠሰ ቀኑን ሙሉ ሲቀጥል ይውላል። ሸማኔው ካላጠበቀውም የሷ የወራት ፈትል ሳስቶ ይቀራል።

ልምምዱ ሸማኔውን ፍተል አይለውም። ክሩ ለምን እንደተበጠሰ ይወቅ ነው የሚለው። ክፍፍሉን ያከበረ ሰው በሌላው በኩል ያለውን ሰዓት ቢቆጥር ምን ይጎዳል?

ለጋምቦ ደጋ (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 11፡00)

እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ። አብሽሪ፣ የፈታይ ነገር ከገባሽ የኛም ነገር ይግባችሁ። የቂሬውን፣ የቀብር ዕድሩን፣ ነገር ማንም አላነሳውም።

ጡሩምባ ሲነፋ ወንዱ ሞፈሩን ጥሎ ይሄዳል። እርሻው እርጥብ ይሁን፣ በሬው የተዋሰው ይሁን አይጠየቅም፤ የቀረ ይቀጣል። ወንዶቹ መቃብር ይቆፍራሉ፣ ቃሬዛ ይሸከማሉ። የሙስሊም ከሆነ ቀብሩ በዚያው ቀን ስለሆነ ተራ በተራ ነው የሚቆፈረው። ለህድ የሚባለው በቂብላ (በመካ አቅጣጫ) በኩል ጎኑ የሚፈለፈለው ነው፤ አፈሩ ልል ከሆነ ይናዳል፣ ያን ጊዜ መሃሉን ቆፍሮ በድንጋይ መክደን ይሻላል። የሴቶቹ ቂሬ ደግሞ ውሃ፣ እንጀራና ቡና ይዞ ለቅሶ ቤት ነው። ቡሃቃ ለ3 ቀን ያለው እንጀራ በዚያ ቀን ከቤት ይወጣል፣ አዲስ ቡኮ ደግሞ 3 ቀን ይፈልጋል። መምህር፣ በልጆቹ ቀን መሃል አንድ ጡሩምባ ያስነፉበት።

የጦሳ ግርጌ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20)

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። ጡሩምባው ገብቷል። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። አንዲት ተማሪ «ሴት ለምን አታርስም? የሚስቡት በሬዎቹ አይደሉም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ምን ይባላት?

ሞፈር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00)

ትክክል ጠይቃለች። ጉልበት ነው እንዳይባል ዕቃው ከውሃ ጀሪካን ብዙ አይበልጥም። ጎርጉራ፣ አርማ፣ አጭዳ፣ በእንቅብ ተሸክማ እርፍ አትያዝ የሚላት ልማድ ነው። ልማዱ ደግሞ ዋጋ አለው፣ በኩንታል የሚቆጠር። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት መሬት ካላትና የሚያርስላት ከሌላት የእኩል ወይም የሲሶ ትሰጣለች። እንደ ስምምነቱ ግማሹን ወይም አንድ ሦስተኛውን ሌላ ይወስዳል። ከ1 ሄክታር 12 ኩንታል ቢገኝና የእኩል ቢሆን 6 ኩንታል ለእርፉ ሄደ ማለት ነው። በሷ ማሳ ላይ የሚታረሰውም የአራሹ የራሱ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ዘሩ ይዘገያል፣ የዘገየ ዘር ዝናቡ ሲያቋርጥ ፍሬ ሳይሞላ ይቀራል።

ወንዱም ቢሆን ሁልጊዜ የሰዓቱ ባለቤት አይደለም። አንድ በሬ ብቻ ያለው መቀናጆ ይገባል፤ ባለ አንድ በሬ ከባለ አንድ በሬ ጋር ያጣምራል፣ ተራ በተራ ያርሳሉ። ዝናብ በጣለ ማግስት ተራው የጓደኛው ከሆነ የሱ ማሳ ይጠብቃል።

ተማሪዋ ሌላ ምሳሌ ከፈለገች አውራ አምባን ታንብብ። ደቡብ ጎንደር ፎገራ ነው፣ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ የተመሠረተ ማኅበረሰብ። እዚያ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይጋግራል፤ ሥራ በችሎታ እንጂ በጾታ አይመደብም።

ፊደል ቆጣሪ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡45)

ጽሑፉ በአማርኛ ስለሆነ ቋንቋው ራሱ መላ ይሰጣል። አማርኛ «እኔ» ሲል ጾታ የለውም። «መጣሁ፣ ደከመኝ፣ እርቦኛል» ወንድም ሴትም እኩል ይለዋል። ጾታው የሚመጣው ሌላው ሰው አፍ ሲከፍት ነው፦ «መጣህ» ወይም «መጣሽ»፣ «ና» ወይም «ነይ»፣ «ብላ» ወይም «ብይ»። ስለዚህ ተማሪው ሙሉ ቀን ስለ ራሱ ብቻ ከጻፈ ምንም አልተቀየረም፤ ስሙን ብቻ ነው የቀየረው። ቢያንስ 10 ቦታ ላይ ሌላ ሰው ያናግረው። «ነይ ውሃ አቀብዪ»፣ «የት አምሽተሽ ነው»፣ «ተነሽ ለወንድምሽ ልቀቂለት»። የወንዱ ብዕር ከ«ና» ወደ «ነይ» ስትሄድ ምን ያህል ትዕዛዝ እንደሚጨመርባት እሱው ይቁጠር። ሴቷም እንዲሁ፦ «ወንድ አይደለህ፣ ክፈል»፣ «ወንድ ልጅ አያለቅስም»።

ሁለተኛ፣ «ሙያ» የሚለውን ቃል ስጧቸው። «ባለሙያ ነው» ሲባል አናጢ፣ ሐኪም፣ መካኒክ ነው የምናስበው። «ባለሙያ ናት» ሲባል ግን ወጧና እንጀራዋ ነው ቀድሞ የሚመጣው። ወጥ ማወቅ ሙያ መሆኑ ትክክል ነው፤ ቡሃቃ የጻፈው ሁሉ ሙያ ነው። የጎደለው ሌላውን ሙያዋን በዚያው ቃል አለመጥራታችን ነው። «ሴታ ሴት» እና «ወንዳ ወንድ»ም አሉ። ሁለቱም ከተመደበለት መስመር የወጣን ሰው ወደ መስመሩ ለመመለስ የሚወረወሩ ናቸው፤ ተማሪው ምጣድ ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያውን አንድ ሰው ይበለው።

ልብ ብላችሁ ከሆነ መምህር ወንድ ይሁኑ ሴት እስካሁን ማናችንም አልጠየቅንም። አንቱ እያልን ስለሆነ ነው። አንቱታ ጾታ የለውም፤ «እሳቸው»ም የለውም።

ሞፈር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡55)

ፊደል ቆጣሪ ካነሳው አይቀር፦ ቆቦ ሜዳ፣ ወንድሜ ብለኸኛል፣ እህትህ ነኝ። ሙያዬ ግብርና ነው።

ቆቦ ሜዳ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10)

ይቅርታ እህቴ። «ሸጋ አድርገሽ ጻፍሽው» ተብሎ ይታረምልኝ።

ነጭ ጋውን (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00)

ስለ ወር አበባ ማንም አላነሳም። ወንዶቹ ተማሪዎች ይህን ካልጻፉ ጽሑፉ ጎዶሎ ነው።

ዑደቱ ከ21 እስከ 35 ቀን ነው፣ ደሙ ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ሞዴስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ውስጥ መቀየር አለበት። አሁን የትምህርት ሰዓቱን ያስሉ። ከቤት 1 ሰዓት ተነስታ ዳገቱን ወጥታ 2 ሰዓት ክፍል የገባች ልጅ እስከ 6 ሰዓት ተኩል ከቆየች፣ የመልሱን መንገድ ሲጨምር ከ6 ሰዓት በላይ ይሆናል። ስለዚህ በመሃል የምትቀይርበት በር የሚዘጋ፣ ውሃ ያለው ሽንት ቤት ያስፈልጋታል። ከሌለ ወይ ትቀራለች ወይ እረፍት ላይ ከወንበሯ አትነሳም። «ለምን አልተነሳችም» የሚለውን ወንዱ ተማሪ በዚህ ይመልሰው።

ጨርቅ የምትጠቀም ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያስቀረዋል። ከዚያ ጸሐይ ላይ ይሰጣል። በተግባር ግን ሰው እንዳያይባት ፍራሽ ስር ወይም ጓዳ ትደብቀዋለች፣ እርጥቡ ይሻግታል፣ ማሳከክና ቁስለት ይመጣል። የሚያሳምማት ደሙ አይደለም፣ መደበቁ ነው። ገመዱ ላይ አንድ ቀጭን ነጠላ ከላይ ጣል ማድረግ ጸሐዩን ብዙም ሳይከለክል ከዓይን ያድናል።

የወሎ ነገር አንድ ልጨምር። ክርስቲያኗ በዚያ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን አትገባም፣ ሙስሊሟ አትሰግድም አትጾምም፤ የረመዳኑን በኋላ ቀዷ ታወጣለች፣ ያለፋትን ቀን ትጾማለች። ስለዚህ ሌላው ሲሰግድ ወይም ሲያስቀድስ ያልታየች ልጅ ምክንያቷ ሳትናገር ይታወቅባታል። በረመዳን ቀን የምትበላ ልጅ ተደብቃ ነው የምትበላው። ወንዱ ጸሐፊ ያችን አንድ ጉርሻ ይጻፋት።

አንቀልባ (ረቡዕ፣ ቀን 6፡40)

ወሎ ላይ ይህ ምናብ ብቻ አይደለም። እናቲቱ አረብ ሀገር የሄደችበት ቤት ብዙ ነው፣ እዚያ አባትየው ሁለቱንም ቀን ይውላል። ለነሱም ለተማሪዎቹም ሁለት ነገር በዝርዝር።

ማዘል፦ አንገቱ ያልጠና ሕፃን አይታዘልም፣ ይታቀፋል። አንገቱ የጠና ከሆነ ወገብህን ጎንበስ አድርገህ ጀርባህን ሜዳ ታደርጋለህ፣ ልጁን ወደ ላይ፣ አገጩ ትከሻህ ጋ እስኪደርስ ታስተኛዋለህ፣ እግሮቹ በወገብህ ግራና ቀኝ ይከፈታሉ። አንቀልባው ወይም ጨርቁ ከመቀመጫው ስር ይገባል፣ ጫፎቹ ወደ ፊት መጥተው ደረት ላይ ይታሰራሉ። ሳታስር ቀና አትበል። ዝቅ አድርገህ ካሰርከው ልጁ ይንሸራተታል፣ ክብደቱ ወገብህን ይስበዋል። ጀማሪ አባት ሁሉ የሚሳሳተው ዝቅ አድርጎ ነው። እሳት ዳር ስትቀመጥ ደግሞ ልጁ ጀርባህ ላይ ስለሆነ እጁ የት እንደደረሰ አታይም፤ ከድስቱ ርቆ በሚሆንበት ጎን ተቀመጥ።

ሹሩባ፦ ጸጉሯ ታጥቦ፣ ቅባት ነክቶት፣ ከጫፍ ወደ ሥር በሚዶ ይፈታል። ከሥር ወደ ጫፍ ካበጠርከው ይቋጠራል፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ሁለተኛ አትመጣልህም። መስመሩ በሚዶው ጫፍ ይከፈላል። ከግንባር በሦስት ዘለላ ይጀመራል፣ እየሄድክ ከሥሩ ትንሽ ትንሽ ትጨምርበታለህ። ቆንጆ እንዲሆን ብለህ ካጠበቅከው የግንባር ጸጉሯ ይነቀላል፤ ተመልሶ የማይበቅልበትም አለ። ቅንድቧ ወደ ላይ ከተሳበ ጠብቋል፣ ፈትተህ ድገመው። አንድ ጎን ከሠራህ በኋላ ልጅቷ ትደክማለች፣ ቆሎ ስጣትና ቀጥል። ሁለት ሳምንት ይቆይልሃል።

ጓዳ ስትገባ ጎረቤት «ሴታ ሴት» ሊልህ ይችላል። በሩን አትዝጋ፤ ጭሱ ይጎዳችኋል።

ሰኞ ገበያ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡00)

አጭር ጥያቄ ለመምህር። የቤቱ ባለቤት ማነው ተብሎ ይጻፋል? ልጆቹ ሁሌ «አባወራ» ነው የሚሉት።

ፊደል ቆጣሪ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡40)

ለመምህር ቢሆንም ሕጉን ልመልስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ አስተዳዳሪው ባል ነው ይል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ያንን አንስቶ ባልና ሚስት ቤተሰቡን በመምራት እኩል መብት አላቸው አለ። የክልሉ የቤተሰብ ሕግም በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። የመሬት ይዞታ ደብተሩም የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ አለበት። ተማሪው ቤቱ ያለውን ደብተር ገልጦ የእናቱን ፎቶ ይይ፤ ከዚያ «አባወራ» ወይም «እማወራ» የሚለውን ራሱ ይምረጥ።

የጦሳ ግርጌ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10)

የልምምዱን ወረቀት እንዲህ አስተካክያለሁ፣ እዩልኝ። ቀኑ በሰዓት ይከፈላል። በእያንዳንዱ ሰዓት ሦስት ነገር ይሞላል፦ እጄ ምን ይዟል፣ ዓይኔ ምን ይጠብቃል፣ ሥራዬ እንዲቀጥል ማንን እየጠበቅሁ ነው። 10 ቦታ ላይ ሰው ያናግራቸዋል። በመሃል አንድ ጡሩምባ ይነፋል። ከወንዶቹ በዕጣ የ3ቱ ልጆች ቀን የወር አበባ ላይ ይወድቃል፣ ከሴቶቹ 3ቱ መቀናጆ ገብተው ተራው የሌላ ነው። የቆላ ልጆች በማሽላ ይጽፋሉ።

ዓርብ ከሰዓት ደግሞ እውነተኛ ምጣድ ይጣዳል፣ ወንዶቹ ይጋግራሉ። ለ40 ልጅ ለእያንዳንዱ ግማሽ እንጀራ። ጎመን ዘር አላገኘንም፣ በምን ይታሰስ?

ቡሃቃ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡35)

መምህር፣ ማሰሻው ቀላል ነው፤ ሱፍ ተወቅጦ በንጹሕ ጨርቅ ይቋጠርና ይታሰስበት። ምጣዱ አዲስ ከሆነ ግን ተደጋግሞ ካልተሟሸ ይይዛል፣ ያገለገለ ምጣድ ተዋሱ።

የከፋው ሌላ ነው። 20 እንጀራ 4 ኪሎ ዱቄት ይፈልጋል። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ የደሴ ብርድ 3 ቀን ይላል፣ እስካሁን ካልተቦካ ለዓርብ አይደርስም። ዛሬ ማታ ከሚጋግር ጎረቤት ጠንካራ እርሾ ተውሳችሁ በደንብ ለብ ባለ ውሃ አቡኩት፣ ቡሃቃውን በጋቢ ጠቅልላችሁ ምድጃ አጠገብ አስቀምጡት። አብሲቱን ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት ጣሉ። እሱም ካልነሳ ሰኞ አድርጉት፤ ለምን ሰኞ እንደሆነ ልጆቹ ወረቀቱ ላይ ይጻፉት።